ከሆቴል ጠረጴዛ የመጣው መጽሔት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

እህቴ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ተሳልማ ስትመለስ አንድ መጽሔት ይዛልኝ መጣች። ካረፈችበት ሆቴል መቀበያ ጠረጴዛ ላይ ነው ያገኘችው። ስሙ «ዚስ ዊክ ኢን ፓለስታይን» ነው፤ «ይህ ሳምንት በፍልስጤም» እንደማለት። በእንግሊዝኛ ይዘጋጃል፣ በነጻ ይታደላል። የሚያሳትመው ተርቦ ዲዛይን የተባለ የፍልስጤማውያን የዲዛይን ድርጅት ነው። ስለሱ ባለፈው ሁለት መስመር ብጽፍ ጥያቄው ጎረፈ። ዛሬ የደረስኩባቸውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በነጻ ከታደለ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? (ከአዳማ)

ከማስታወቂያ። ግን ከማስታወቂያው በፊት መታየት ያለበት ነገር አለ። መጽሔቱን የወለደው የዲዛይን ሥራ ነው። የዲዛይን ቤት የሌሎችን ሥራ ይሠራል፦ የባንክ ዓመታዊ ሪፖርት፣ የድርጅት ብሮሸር፣ ሎጎ፣ ካላንደር። ተርቦ ዲዛይን ያለባት ራማላህ ደግሞ ይህ ሥራ የሚገኝባት የፍልስጤም ከተማ ናት። በ1993 እስራኤልና ፍልስጤማውያን ከተፈራረሙት የኦስሎ ስምምነት በኋላ የፍልስጤም አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና የእርዳታ ድርጅቶች እዚያ ተሰባሰቡ። ሁሉም ሪፖርት ማሳተም አለበት።

እንዲህ ያለ ቤት መጽሔት ሲጀምር ዲዛይነሩ አለ፣ ኮምፒውተሩ አለ፣ ከማተሚያ ቤቱ ጋር ያለው ትውውቅ አለ። ማስታወቂያ የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ የቆየ ደንበኛ ነው። ብዙ መጽሔት በባዶ እጅ ተጀምሮ በሦስተኛው እትም ሲቀር አይቻለሁ። እኔን ያሳመነኝ ይህ አካሄድ ነው፤ መጀመሪያ እንጀራ የሚሆን ሥራ፣ ከዚያ መጽሔት።

ሳምንታዊ ነው ማለት ነው? (ከሐዋሳ)

ስሙ አሳስቶሃል፣ ወርሃዊ ነው። የመጀመሪያው እትም የወጣው በዲሴምበር 1998 ነው። እያንዳንዱ እትም ብዙውን ጊዜ አንድ ዋና ርዕስ ይይዛል።

በዚያ ሁሉ ጦርነትና ኬላ መጽሔት እንዴት ይሠራል? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

ይህን ጥያቄ ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ፤ እኔንም ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። መጽሔቱ ሲጀመር ጊዜው የተስፋ ነበር። ቤተልሔም ለ2000 ዓመተ ልደት እንግዳ ለመቀበል ሽር ጉድ ትል ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሴፕቴምበር 2000፣ ሁለተኛው ኢንቲፋዳ፣ ማለትም የፍልስጤማውያን አመጽ፣ ፈነዳ። ቱሪስቱ ጠፋ፣ ሆቴሎች ባዶ ሆኑ። በ2002 የእስራኤል ጦር ራማላህን ሲይዝ ሰው በሰዓት እላፊ ለቀናት ከቤቱ አይወጣም ነበር። ቤተልሔም ውስጥ የልደት ቤተ ክርስቲያን ለ39 ቀናት ተከባ ቆየች። የት ይበላል፣ የት ይታደራል ብሎ ለሚጽፍ መጽሔት ከዚህ የከፋ ጊዜ አይታየኝም። ግን ያን ዘመን አልፎ ቀጥሏል።

ችግሩ ጦርነት ሲነሳ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስልዎ። ከራማላህ ኢየሩሳሌም 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሃል ላይ ቀላንዲያ የሚባለው የእስራኤል ኬላ አለ። የፍልስጤም ታርጋ ያለው መኪና ኢየሩሳሌም አይገባም። የታተመውን ለማድረስ ቢጫው የእስራኤል ታርጋ ያለው መኪና ያስፈልጋል፣ ሾፌሩም ማለፍ የሚያስችል መታወቂያ ወይም ፈቃድ መያዝ አለበት። በአንዳንድ ኬላዎች ዕቃ ከአንዱ መኪና ወርዶ ማዶ በቆመ ሌላ መኪና ላይ እንደገና ይጫናል። ፍልስጤማውያን የራሳቸው ገንዘብም የላቸውም። የእስራኤል ሸቀል፣ የዮርዳኖስ ዲናርና ዶላር ጎን ለጎን ይሠራሉ። በአንዱ ተከፍሎ በሌላው የሚገዛ ነጋዴ ምንዛሪው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሒሳቡ ይዛነፍበታል።

ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። እንግሊዝኛ ሲቀላቀል ዲዛይነሩ ምን ያደርጋል? (ግራፊክስ ተማሪ፣ አዲስ አበባ)

ጥሩ ጠየቅሽ። በሁለት ቋንቋ የሚታተም ሪፖርት ብዙ ጊዜ ሁለት ሽፋን ይኖረዋል። እንግሊዝኛው ከግራ ይጀምራል፣ ዓረብኛው ከቀኝ። መሃል ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ የእንግሊዝኛው የጀርባ ሽፋን ለዓረብኛው የፊት ሽፋን ነው። ዲዛይነሩ ገጽ ሲቆጥር ከሁለቱም ጫፍ ነው የሚቆጥረው። በዚያ ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለት ፊቱ ታትሞ ሲታጠፍ በተለመደው አሠራር 16 ገጽ ይወጣዋል። አንዱ ቋንቋ ከሌላው ከረዘመ ባዶ ገጽ ይተርፋል፤ ያን ጊዜ ፎቶ ማስፋት ነው።

ፊደሉም የራሱ ጣጣ አለው። የዓረብኛ ፊደል እንደ ቦታው ቅርጹን ይቀይራል፤ መጀመሪያ፣ መሃል፣ መጨረሻና ብቻውን ሲቆም አንድ አይደለም። ያልተዘጋጀለት ፕሮግራም ሲገጥመው ፊደሎቹን በታትኖ፣ ገልብጦ ያወጣቸዋል። እኛም ይህን እናውቀዋለን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ቁጥር ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ፎንት የተጻፈ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይመጣ ነበር። እንደዚያ የሆነ አንድ ሙሉ ጽሑፍ ሌሊቱን እንደገና የለቀምኩበት ጊዜ ነበር።

እዚያ ኅትመት የመጣው በቅርቡ ነው? (ከጎንደር)

ኧረ አይደለም። «ፈለስጢን» የተባለው ጋዜጣ በ1911 ጃፋ ላይ ተጀምሯል። መሥራቾቹ ዒሳ አል-ዒሳና ዩሱፍ አል-ዒሳ የአጎት ልጆች ናቸው። ከሱም ቀድሞ በ1908 ሐይፋ ላይ «አል-ካርሚል» ነበር። በ1948ቱ ጦርነት የጃፋ ፍልስጤማውያን ሲሰደዱ «ፈለስጢን»ም አብሮ ተሰደደ። ወደ ምሥራቅ ኢየሩሳሌም ዞሮ እስከ 1967 ወጣ።

ውስጡ ምን ስላለ ነው እንዲህ የወደድከው? (ከቴል አቪቭ)

ስለ አንድ ሠዓሊ፣ ስለ አንድ መጽሐፍ፣ ስለ ወሩ ኮንሰርትና ኤግዚቢሽን ይጽፋል። የመጨረሻው ገጽ ላይ አሳታሚው ሳኒ ሚዮ የራሱን ሐሳብ ይጽፋል። እኔን የያዘኝ ግን ኋላ ያለው ዝርዝር ነው። ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ ሙዚየሙ፣ የባህል ማዕከሉ በየከተማው ተደርድሯል፣ ከነስልኩ። ስለ ፍልስጤም በዜና የምሰማው ስንት ሰው እንደሞተ ነው። እዚህ ግን በናብሉስና በቤተልሔም የት ምሳ እንደሚበላ ተጽፏል። እህቴ ያረፈችበትን ሆቴል ስም በእስክሪብቶ ከባዋለች። ከጎኑ አብረዋት የተሳለሙት የሁለት እናቶች ስልክ አለ፤ አንዷ የደሴ ናቸው፣ አሁንም ይደዋወላሉ።