ሞልቶ ግማሽ የሚለው የቤንዚን ጌጅ
የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1970 የተሠራ ቮልስዋገን አለኝ። ሳልባትዮውን (የቤንዚን ታንከሩን) እስከ አፉ አስሞልቼ ቁልፉን ስከፍት ጌጁ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል። ደምበጫ ደርሼ ስመለስ ደግሞ ባዶ ላይ ይተኛል፤ ቤንዚኑ ግን ገና ብዙ ነው። ባለፈው ዓመት የቤንዚኑን መጠን ለጌጁ የሚነግረው ሴንሰር ተበላሽቶ ከሌላ መኪና የወጣ ተገጥሞለታል። ጌጁን ልለውጠው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ጌጁን አይንኩት። የሚጠረጠረው የተለወጠው ሴንሰር ነው።

የእርስዎ መኪና ጌጅ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ሳልባትዮው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ከቤንዚኑ ጋር ከፍና ዝቅ ሲል የሴንሰሩ ሬዚስታንስ (በኦም የሚለካው የኤሌክትሪክ መቋቋም) ይለዋወጣል። የቮልስዋገን ሴንሰር ሲሞላ ወደ 10 ኦም፣ ባዶ ሲሆን ወደ 73 ኦም ነው። አንዳንድ ሌሎች መኪኖች ግን ሲሞላ 33፣ ባዶ ሲሆን 240 ኦም የሆነ ሴንሰር አላቸው። እንዲህ ያለውን ከቮልስዋገን ጌጅ ጋር ቢያገናኙት፣ ሳልባትዮው ሞልቶ ሳለ ጌጁ የሚያገኘው 33 ኦም ስለሆነ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀራል። ከ40 ሊትሩ 8 ሊትር ያህል ሲወጣ ደግሞ ሴንሰሩ 73 ኦም ይደርስና ጌጁ ባዶ ይላል። ደምበጫ ደርሶ መልስ የሚፈጀውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሆኖም ከመፍረድዎ በፊት ማሳውን (ሴንሰሩን ከመኪናው አካልና ከባትሪው ነጌቲቭ ጋር የሚያገናኘውን መስመር) ያጣሩ፤ የላላ ወይም የዛገ ማሳም ሞልቶ ሳለ ግማሽ ያስብላል። ልዩነቱ ባዶ ሲል ይታያል። ጥፋቱ የማሳ ከሆነ፣ ጌጁ ባዶ ሲል ሳልባትዮው ውስጥ የሚቀረው 15 ሊትር አካባቢ ነው። የሴንሰር አለመጣጣም ከሆነ ግን 30 ሊትር ገደማ ይቀራል።

በመለኪያ ለማረጋገጥ የፊት ኮፈኑን ይክፈቱና ምንጣፉን ያንሱ። ሴንሰሩ ሳልባትዮው አናት ላይ ነው። ቁልፉን ዘግተው ከጌጁ የሚመጣውን ሽቦ ከሴንሰሩ ይንቀሉ። ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም ላይ አድርገው ሁለት ጊዜ ይለኩ፦ መጀመሪያ ሽቦው ከተነቀለበት ጫፍ እስከ ሴንሰሩ አካል፣ ቀጥሎ ከዚያው ጫፍ እስከ ባትሪው ነጌቲቭ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ሁለተኛው ከ1 ኦም በላይ ከበለጠ ማሳው ደካማ ነው፤ ሳልባትዮው ቀለም ተቀብቶ ወይም ከሴንሰሩ ስር ወፍራም ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተደርጎበት ይሆናል። የማሳውን ሽቦ ጫፍና የሚያርፍበትን ላሜራ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ጠርገው መልሰው ያጥብቁ። ሁለቱም እኩል ሆነው ሳልባትዮው ሞልቶ ሳለ 30 እና ከዚያ በላይ ካሳዩ ሴንሰሩ ለእርስዎ መኪና የተሠራ አይደለም። ቴስተሩ 200 ኦም ላይ ሆኖ 1 ብቻ ካሳየ ቁጥሩ ከ200 በላይ ነው ማለት ነው፤ ወደ 2000 ያዙሩት።

ጌጁ ራሱ ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ከሬዲዮ ጠጋኝ ባለ 10፣ ባለ 33 እና ባለ 68 ኦም፣ 5 ዋት የሆኑ ሬዚስታንሶች ይግዙ። በተነቀለው ሽቦና በማሳ መካከል በየተራ እያስገቡ ቁልፉን ይክፈቱ። 10 ሙሉ፣ 33 ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ፣ 68 ወደ ባዶ የተጠጋ ማሳየት አለባቸው። ይህ ጌጅ በሙቀት ስለሚሠራ ቀስ ብሎ ነው የሚነሣው፤ እስኪረጋ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁት። ሦስቱም ላይ ከልክ በላይ ከፍ ካለ፣ ከፍጥነት መለኪያው ጀርባ ያለው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ተበላሽቷል። ደህናው መቆጣጠሪያ ኃይሉን ቆረጥ ቀጠል እያደረገ ስለሚልክ በቴስተር ሲታይ ቁጥሩ ይዘላል፤ የተበላሸው ግን የባትሪውን 12 ቮልት ሳያቋርጥ ያሳልፋል። ከባትሪ በቀጥታ ወደ ሴንሰሩ ወይም ወደ ጌጁ ኃይል በፍጹም እንዳይሰጡ፤ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ይቃጠላል።

ሴንሰሩን ለመለወጥ በቅድሚያ የባትሪውን ነጌቲቭ ይንቀሉ፤ ሥራው ደጅ፣ ከከሰልና ከሲጋራ ርቆ ይሁን። ሳልባትዮው ጢም ብሎ የሞላ ከሆነ ትንሽ ያጉድሉት። አምስቱን ቪቴዎች ፈትተው ሴንሰሩን ሳያጣምሙ ያውጡ። አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት ተንሳፋፊውን በእጅዎ ከታች ወደ ላይ እየገፉ ይለኩ፤ ከ73 ወደ 10 ሳይዘል መውረድ አለበት። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን፤ አሮጌው ካልተለወጠ መኪናው ውስጥ የቤንዚን ሽታ አይጠፋም። ቪቴዎቹን ፊት ለፊት እያፈራረቁ በልኩ ያጥብቁ።

ጥያቄ፦ የእኔ ቮልስ እ.ኤ.አ. የ1964 ነው። ጌጁ ሩብ ላይ ደርቆ ቀርቷል፤ ፊውዙን ለውጬም አልተንቀሳቀሰም። (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ፊውዝ አይመለከተውም። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1967 ሞዴል ያሉት ቮልሶች ጌጅ በካቦ (በቀጭን የብረት ገመድ) እንጂ በኤሌክትሪክ አይሠራም። ካቦውን ከሳልባትዮው በኩል ይፍቱና በጣት ቀስ ብለው ይሳቡት። መርፌው ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ ተንሳፋፊው ጋ ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ካቦው ታጥፏል ወይም ዝጓል። የዛገውን በቀጭን ዘይት ያላቁት፤ የታጠፈው ግን ቢቀናም ተመልሶ ስለሚይዝ ይለወጥ።

እስኪጠገን ድረስ ዱላ ይጠቀሙ። የእርስዎ መኪና የቤንዚን መሙያ ኮፈኑ ስር፣ በቀጥታ ሳልባትዮው ላይ ስለሆነ ያመቻል። ለስላሳ ደረቅ የቀርከሃ ሸንበቆ ወይም ቀጭን እንጨት አዘጋጅተው፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ሳልባትዮው ባዶ ሳለ፣ 5 ሊትር በጨመሩ ቁጥር እየነከሩ በቢላ ምልክት ያድርጉበት። ሳልባትዮው ወጥ ስፋት ስለሌለው በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል አይሆንም፤ ለማስተካከል አይሞክሩ። እ.ኤ.አ. ከ1968 ሞዴል ወዲህ ያሉት መሙያ በጎን ሆኖ ቱቦው የታጠፈ ስለሆነ ዱላ አይገባም።

ጥያቄ፦ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስወርድና ጎሐ ጽዮን ስወጣ መርፌው ይለዋወጣል። ብልሽት ነው? (ከደጀን)

መልስ፦ አይደለም። መኪናው ሲያዘነብል ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ስለሚሸሽ ተንሳፋፊው ከትክክለኛው ደረጃ ይለያል። ሜዳ ላይ ቆመው፣ መርፌው ሲረጋ ያንብቡት። ሜዳ ላይ ሩብ ካለ ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ደጀን ላይ ይሙሉ፤ ከድልድዩ በኋላ ያለው ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ የሚወጣ ስለሆነ ከሜዳ ይልቅ ብዙ ይበላል።