ጅቡቲና ዱባይ ሆነሽ ሐረር ለመደወል

«ዕቃ ላመጣ ጅቡቲ ልሄድ ነው፣ ከዛ ዱባይ እቀጥላለሁ፤ ሐረር ያለችው እናቴ የያዘችው ተራ ስልክ ነው፤ ሮሚንግ ላስከፍት ወይስ እዛ ሲም ልግዛ?» ላልሽው እህታችን፦

አቦ ሁለቱንም አድርጊ። ያንቺ ሲም ሮሚንግ ተከፍቶለት (ውጭም እንዲሠራ ማለት ነው) ለሜሴጅ፣ የዛ አገሩ ሲም ለኢንተርኔት። በዚህ መስመር የምንመላለስ ሰዎች አብዛኞቻችን የምናደርገው ይሄንን ነው።

መቼም ድሬ ስለሆንሽ ሁለቱም የሲም ቦታ ሞልቶብሽ ይሆናል። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ሙከራውን የጀመረው እዚሁ እኛ ጋ አይደል፣ ከዛ ወዲህ ብዙ ሰው 09 እና 07 ይዞ ነው የሚዞረው። አንዱ መውጣቱ አይቀርም። ባንክሽና ቴሌብርሽ የተመዘገበበትን እንዳታወጪ። እዛ ሆነሽ ብር ልታስተላልፊ ስትዪ ኮዱ የሚመጣው በሱ ነው። ሮሚንጉንም እዚሁ እያለሽ አስከፍቺ፣ ታሪፉንም ጠይቂ፤ ሮሚንግ ላይ ሲደወልልሽ ማንሳቱ ራሱ ያስከፍላል። የዳታ ሮሚንጉን ግን ዝጊው! ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ አካባቢ፣ ስልኩ የጅቡቲን ኔትወርክ ይይዛል፣ ዳታው ክፍት ከሆነ አፖቹ ውስጥ ውስጡን ይሠራሉ፣ አብራን የምትነግድ አንዷ ገና ጉምሩክ ቆማ ባላንሷ ሙልጭ ሲል አይቻለሁ።

አዲሱን ሲም ስታስገቢ ዋትስአፕ ቁጥር ልቀይር ወይ ብሎ ሊጠይቅሽ ይችላል። እንቢ በይው። በድሮው ቁጥርሽ ይቀጥላል፣ ደንበኞችሽም አይጠፉብሽም።

ዱባይ ላይ ነው ነገሩ የሚለየው። ጅቡቲ ዋትስአፕም ኢሞም ይደወላል። ኤምሬትስ ግን በዋትስአፕና በኢሞ መደወል ዝግ ነው፣ ጽሑፍና የተቀዳ ቮይስ ብቻ ነው የሚሄደው። እዛ ያሉት ልጆች የሚጠቀሙት ቦቲም የሚባለውን የመደወያ አፕ ነው፣ ሲሙን ስትገዢ በኢንተርኔት ለመደወል የተለየ ፓኬጅ ያስፈልግ እንደሆነ ሻጩን ጠይቂው። ቪፒኤን ጫኚ የሚልሽ አይጠፋም። አትስሚ፣ የተዘጋ ነገር በሱ መክፈት እዛ በሕግ ያስጠይቃል።

እናትሽ ጋ ስንመጣ ግን ቦቲም ምን ያደርግላታል፣ ስማርት ስልክ የላትም። በቀጥታ መደወል ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ውድ ነው፣ ደህና ነሽ ወይ ተባብለሽ ሳትጨርሺ ሒሳቡ ያልቃል። እኔ ብሆን ከመሄዴ በፊት ቤት ውስጥ ወይ ጎረቤት ስማርት ስልክ ያለው ልጅ እፈልጋለሁ፣ ቦቲሙን ራሴ ጭኜለት አንዴ እዛው እደውልና እሞክረዋለሁ፣ የዳታ ካርድ መግዣም እሰጠዋለሁ (ጎረምሳ በነጻ አይታመንም)። ሰዓት ተቀጣጠሩ። ጅቡቲ ሰዓቱ ከኛ እኩል ነው፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል፤ አንቺ ጋ ማታ ሦስት ሲሆን እሷ ጋ ሁለት ነው። በቀጥታ መደወሉን ለጭንቅ ጊዜ አስቀምጪው። ሚስኮልማ እንዳታደርጊባት፣ እናት ናት፣ በ971 የሚጀምር ቁጥር ላይ መልሳ ደውላ ካርዷን ትጨርሳለች። የማታውቀው የውጭ ቁጥር ሚስኮል ካደረገባትም መልሳ እንዳትደውል ንገሪያት፣ አጭበርባሪውም በዚሁ ነው የሚመጣው።

ቁጥሮችሽንም አስተካክዪ። በ09 የተመዘገበው ከውጭ አይሠራም፤ ዜሮውን አውጥተሽ +251 አስገቢ። የድሬና የሐረር መደበኛ ስልክም 025 የነበረው +25125 ይሆናል። የጅቡቲዎቹን በ+253 መዝግቢያቸው፣ ሞባይላቸው ከዛ ቀጥሎ በ77 ነው የሚጀምረው። ይሄን እዚሁ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ጨርሺው፣ እዛ በዛ ሙቀት ከደላላ ጋር እየተጨቃጨቅሽ ስልክ ማስተካከል አይሆንልሽም።