መጀመሪያ ጻፊ፣ ከዚያ አፑን ክፈቺ

እህቴ፣ "የፀሐይ ማዕበል አለ በተባለ ቁጥር ራሴን ያመኛል፣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ኃይል ቶሎ የሚሰማኝ ሰው ስለሆንኩ ይሆን? ምን ላድርግ?" ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም በዚሁ ጉዳይ ብዙ ስለተንገላታሁ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ሕመምሽ እውነት ነው። "ሐሳብ ነው፣ ተይው" የሚሉሽን አትስሚ። ማወቅ ያለብን ከየት እንደሚመጣ ነው።

ዓርብ ግንቦት 2 ቀን 2016 ማታ፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያልታየ ከባድ የፀሐይ ማዕበል፣ ማለትም ከፀሐይ ተነሥቶ የምድርን ማግኔት የሚያናውጥ ማዕበል፣ ምድርን መታ። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው የጀመረው። ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን ስከፍት የፀሐይ ማዕበልን የሚያስጠነቅቀው አፕ ቀልቶ ደም መስሏል። የምድር ማግኔት ምን ያህል እንደተናወጠ የሚያሳየው፣ ኬፒ የሚሉት መለኪያ የመጨረሻው ቁጥር 9 ላይ ደርሷል። እኔ ደግሞ ግራ ዓይኔን ከሥሩ እየወጋኝ፣ መጋረጃ ዘግቼ ተኝቻለሁ። "ይኸው፣ ፀሐይዋ ናት!" ብዬ ለማውቀው ሰው ሁሉ ነገርኩ።

ከወር በኋላ ደብተሬን ሳገላብጥ ረቡዕ ሚያዝያ 30 የጻፍኩትን አገኘሁ። "ዛሬም ያመኛል። ሌሊቱን አልተኛሁም።" ማዕበሉ ሊደርስ ገና ሁለት ቀን ይቀረው ነበር! ደነገጥኩ። ያ ሳምንት ምን እንደነበር ታስታውሻለሽ? ፋሲካ እሑድ ሚያዝያ 27 ነበር። 55 ቀን ጾሜ፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ በማግስቱ ዶሮውና ክትፎው፣ ከዚያ በየዘመድ ቤቱ እስከ ምሽት ቡና። ይህን ሁሉ ትቼ ጥፋቱን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው ፀሐይ ላይ ጥዬው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሉን ቀየርኩ። ማታ ማታ መጀመሪያ እጽፋለሁ፦ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ስንት ስኒ ቡና ጠጣሁ፣ ውሃስ፣ የወር አበባዬ መቼ ነው፣ ሕመሙ ከ10 ስንት ነው። ኬፒውን የማየው ወሩ ሲያልቅ ብቻ ነው። አስቀድመሽ ቀይ ካየሽ ሰውነትሽን በፍርሃት ማዳመጥ ትጀምሪያለሽ፤ ልብን ደግሞ ፍርሃት ብቻውን ድው ድው ያደርገዋል። ፀሐይ በየ11 ዓመቱ ገደማ ትበረታለች፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ጫፍ ላይ መድረሷም ተነግሯል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማስጠንቀቂያው ስለሚበዛ፣ ቶሎ ቶሎ የሚያመው ሰው የሚገጣጠም ቀን አያጣም።

ደብተሬ ላይ ኬፒው ከፍ ባለበት ቀን ደህና ሆኜ የዋልኩበት ብዙ ነው። ደጋግሞ የመጣው ሌላ ነው፦ ከ6 ሰዓት በታች እንቅልፍ፣ ከሰዓት በኋላ ቡና፣ በቀትር ከፒያሳ አራት ኪሎ ያለ ኮፍያ መሄድ። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። ፀሐይዋ በብርሃኗና በሙቀቷ ስትጎዳን ማንም ያየዋል።

አራት ኪሎ ሳይንስ ፋካልቲ ግቢ የምድርን ማግኔት የሚለካ ጣቢያ አለ። ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ነው። የማግኔት ወገብ የሚባለው መስመር በአገራችን ስለሚያልፍ፣ ከላያችን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቀን ቀን የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። ስለዚህ ፀሐይ ጸጥ ባለችበት ቀን እንኳ ወደ ቀትር ሲሆን ጣቢያው የሚለካው ማግኔት ከፍ ይላል፣ ማታ ይመለሳል። እኔን ግን በየቀትሩ አያመኝም። ለራስ ምታቴ ኤምአርአይ ውስጥም ገብቻለሁ፤ በኃይለኛ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሣ መሣሪያ ነው፣ የማግኔቱ ጉልበት 1.5 ቴስላ (የማግኔት መለኪያ) ነበር። እሱ ከአዲስ አበባ የምድር ማግኔት 40 ሺህ ጊዜ ያህል ይበረታል። የረበሸኝ ጩኸቱ ብቻ ነበር።

ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ ባዶ ነው አልልሽም። በማዕበል ቀናት የደም ግፊትና የልብ ምት ላይ ጥቂት ለውጥ ያዩ ጥናቶች አሉ። ለውጡ ትንሽ ነው፣ ምክንያቱ ፀሐይ መሆኗም አልተረጋገጠም። በእሱ የተነሳ መድኃኒት እንዳታቋርጪ፣ "ከማዕበል ይጠብቃል" የሚሉትን ድንጋይና አምባርም እንዳትገዢ።

አንድ ወር ጽፈሽ ተመለሺ፣ አብረን እናየዋለን። የልብሽን ነገር ግን ወር አትጠብቂበት። የደም ማነስም የእንቅርት እጢ ችግርም እንዲያ ያደርጋል፤ በዚህ ሳምንት ሄደሽ ተመርመሪ።