ለበዓሉ ቀን ብቻ አትምጡ

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ባለፈው ፌብሯሪ ቢሮዬ ሥራ የምትለማመድ አንዲት ልጅ ቡና ይዛልኝ መጣችና ጠረጴዛዬ ጥግ ቆመች። እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ተወልዳ ያደገች የሐበሻ ልጅ ናት። ኮሌጇ ውስጥ የጥቁሮች ታሪክ ወር ዝግጅት አለ፣ ጓደኞቿም ጋብዘዋታል፣ እሷ ግን ከብዷታል። «ጋሼ፣ እሱ እኮ የእነሱ ነው፤ እኔ ሄጄ ምን እላለሁ?» አለችኝ። በንቀት አይደለም የጠየቀችው። በሰው ቤት ባለቤት መስዬ እንዳልታይ ብላ ነው።

ያን ቀን «ሂጂ፣ ደስ ይልሻል» ብቻ አልኳት። የታክስ ሰሞን ነው፣ ሥራ ተከምሮብኛል። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ ራሴ የዚህን ጥያቄ መልስ ለማግኘት ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል። እናንተ ያን ያህል እንድትቆዩ አልፈልግም። የሰፈሩን የመንገድ ላይ በዓል አብራችሁን እንድታዘጋጁም ነው የምጽፍላችሁ።

ሁላችንም ከምናውቀው ቦታ ልጀምር። ዩ ስትሪት ከባቡር ስትወጡ ብዙዎቻችሁ የምትቃጠሩበት የወታደሮች ሐውልት አለ። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ቆማችሁ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? 209,145 ስም ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በጥቁሮቹ ክፍለ ጦር ውስጥ ያገለገሉ ሰዎች ስም። ከዚያ ወደ ናይንዝ ስትሪት ስትታጠፉ ደግሞ የእኛ ቤቶች ይጀምራሉ፣ የበርበሬው ሽታ በሩ ላይ ይቀበላችኋል። ጎዳናውን ሳትለቁ ወደ ደቡብ አስር ደቂቃ ያህል ብትራመዱ ቁጥር 1538 የሆነ የጡብ ቤት ታገኛላችሁ። የታሪክ ምሁሩ የዶክተር ካርተር ውድሰን ቤት ነው።

ወላጆቻቸው በባርነት የኖሩ ናቸው። እሳቸውም በወጣትነታቸው ከሰል ማዕድን ውስጥ ቆፍረዋል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገቡት በ20 ዓመታቸው ነው፤ በ1912 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ) ከሃርቫርድ ዶክትሬታቸውን ያዙ። ይህን ቤት በ1922 ገዙ፣ ቢሮም መኖሪያም አደረጉት። በ1926 የጥቁሮች ታሪክ ሳምንትን የጀመሩት እዚህ ሆነው ነው። ፌብሯሪን የመረጡት ዝም ብለው አይደለም። ሰዉ ድሮውንም በዚያ ሳምንት የፕሬዚዳንት ሊንከንንና ከባርነት አምልጠው ባርነትን የታገሉትን የፍሬደሪክ ዳግላስን ልደት ያከብር ነበር። ውድሰን ሰዉ በየቤተ ክርስቲያኑና በየትምህርት ቤቱ የሚያደርገውን አዩና በዚያ ላይ ጨመሩበት። ለአስተማሪዎች ፎቶና ጽሑፍ በፖስታ እያሸጉ ይልኩ ነበር። በ1950 እዚያው ቤት ውስጥ አረፉ፤ ሳምንቱ ወር ሲሆን፣ በ1976፣ አላዩትም።

እንግዲህ አስቡት። ያ በዓል የተወለደው እኛ ክትፎ በምንበላበት ጎዳና ላይ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ በዚያ በር በኩል ስንቴ እንዳለፍኩ!

«የእነሱ» ስለሚባለውም ልንገራችሁ። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚሁ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ያገቡትም የዚሁ አገር ጥቁር ሴት ናቸው። ጣሊያን አገራችንን ከወረረ በኋላ ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ያቋቋሙት፣ በ1937፣ እሳቸው ናቸው። ገንዘቡን ያዋጣው ማን ነበር? የዚህ አገር ጥቁር ሕዝብ ነው፤ ያውም ራሱ በችግር ዘመን ላይ እያለ። ጆን ሮቢንሰን የሚባለው የቺካጎ አብራሪ ደግሞ በ1935 አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ከእኛ ጋር ቆመ። ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ የእኛን ልጆች አውሮፕላን ማብረር ሲያስተምር ቆየ፣ በ1954 ሞቶ እዚያው አዲስ አበባ ተቀበረ። እኛ እዚህ የመጣንበት በር ራሱ የተከፈተው ጥቁር አሜሪካውያን ለመብታቸው ሲታገሉ ታስረው፣ በውሻ ተነክሰው፣ ሞተው ባናወጡት አገር ውስጥ ነው። ከአውሮፓ ውጪ ለሚመጣ ሰው ኮታውን አጥብቦ የነበረው የስደተኞች ሕግ የተለወጠው በ1965 ነው። የመምረጥ መብት ሕጉም የወጣው በዚያው ዓመት ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ደብተር ሳገላብጥ ነው የኖርኩት። አንዳንድ ዓመት የታክስ የመጨረሻው ቀን ከኤፕሪል 15 ወደ 18 ሲገፋ ደንበኞቼ ደስ ይላቸዋል፣ ለምን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም። ምክንያቱ ኤፕሪል 16 የዲሲ የነጻነት ቀን መሆኑ ነው። ቀኑ ቅዳሜ ወይም እሑድ ሲውል በዓሉ ወደ ሥራ ቀን ይዛወራል፣ የመላ አገሩ ግብርም አብሮ ይጠብቃል። በ1862 በዚያ ቀን ሊንከን የፈረሙት ሕግ በዚህች ከተማ በባርነት የነበሩ ወደ 3,100 የሚሆኑ ሰዎችን ነጻ አወጣ። የታወቀው የነጻነት አዋጅ ከመውጣቱ ስምንት ወር ተኩል በፊት ማለት ነው።

የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ መዝገቡን ፈልጌ አየሁት። ባለቤት ነኝ ባዩ ማመልከቻ ያስገባል፤ የሰውየውን ስም፣ ዕድሜ፣ መልክ፣ ሙያ ይጽፋል፣ ከጎኑ ዋጋ። ዋጋ የሚተምን የባሪያ ነጋዴ ከባልቲሞር አስመጥተው ነበር። ካሳው በአማካይ በአንድ ሰው እስከ 300 ዶላር ነው፣ የሚከፈለውም ለባርያ አሳዳሪው ነው። ዕድሜ ልኩን በነጻ ለሠራው ሰው ሕጉ ያቀረበለት ነገር ቢኖር አገር ለቅቆ ከሄደ እስከ 100 ዶላር ብቻ ነው። ብዙ ደብተር አይቻለሁ፤ የሰው ስም ዕቃ በሚመዘገብበት ዓምድ ውስጥ ተጽፎ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ነጻ የወጡት ሰዎች ከ1866 ጀምሮ በየዓመቱ ሰልፍ ወጡ፣ ሙዚቃ አሰሙ፣ በዓሉን አከበሩ። በ1901 ቆመ። እስከ 2002 ድረስ፣ መቶ ዓመት ሙሉ፣ ሰልፍ የለም! በሕግ የከተማዋ በዓል የሆነው ደግሞ በ2005 ነው። ሰልፉ እንዲመለስ ያደረጉት አሮጌ ወረቀት እያገላበጡ ደጅ የጠኑ ሰዎች ናቸው። በዓል የሚይዘው ሰው ካጣ እንዲህ ይጠፋል፤ ይህን በደንብ ያዙልኝ።

በዚያው በ2005 አካባቢ ከእኛ ነጋዴዎች ናይንዝ ስትሪትን በይፋ «ሊትል ኢትዮጵያ» እናስብለው የሚል ሐሳብ መጣ። የሰፈሩ የጥንት ነዋሪዎች ብዙዎቹ ተቃወሙ። እኔም ተናደድኩ። ሰፈሩን ያቃናነው እኛ፣ የተዘጋውን ሱቅ የከፈትነው እኛ፣ ምን አጠፋን ብዬ ስንት ሰው ጋር ተከራከርኩ።

ሐሳቤን የለወጡት አንዲት አሮጊት ናቸው። የሰፈሩ የመንገድ ላይ በዓል ነበር፣ እኔ ለአንድ ደንበኛዬ የምግብ ድንኳን ገንዘብ እቆጥራለሁ። እሳቸው አልበም በደረታቸው ታቅፈው መጡ። አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አወጡ፤ አንድ ሰውዬ ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሱቅ በር ላይ ቆሟል። አባታቸው ናቸው፣ ልብስ ሰፊ። ፎቶውን ከፍ አድርገው ከእኛ ምግብ ቤት መስኮት ጋር አስተያዩት። ከመስኮቱ በላይ ያለችው ቅስት ራሷ ናት። በግራ በኩል ጫፉ የተሰበረ ጡብ አለ፣ በፎቶውም ላይ ተሰብሯል። እኔ በየዓርቡ እዚያ መስኮት ሥር ነበር የምቀመጠው። ከዚያ ስለ ሰፈሩ ነገሩኝ፦ ጎዳናው «ብላክ ብሮድዌይ» ይባል እንደነበር፣ ዱክ ኤሊንግተን እዚሁ እንዳደገ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 የተገደሉ ጊዜ ሰፈሩ እንደተቃጠለ፣ ከዚያ የምድር ውስጥ ባቡሩ መስመር ሲቆፈር ስንት ሱቅ እንደሞተ። እኛ ርካሽ ሆኖ ያገኘነው ሰፈር ለምን እንደረከሰ የገባኝ ያኔ ነው።

በ1970 በዚህች ከተማ ከ100 ሰው 71ዱ ጥቁር ነበር። በ2011 ከግማሽ በታች ወረደ። ሰዉ በኪራይ ተገፍቶ ወጣ። ስለዚህ የሰፈሩ የመንገድ ላይ በዓል ቀን ለብዙዎቹ ወደ አደጉበት ደጅ የሚመለሱበት ቀን ነው፤ ሽማግሌዎቹ መንገድ መሃል ቆመው ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ብታዩ አትደነቁ። የእኛም ቤቶች አሁን በዚያው ኪራይ እየተዘጉ ነው፣ ከከተማዋ ውጪ ወዳሉት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ እየሄድን ነው። የእኛም ልጆች አንድ ቀን ለበዓል ብቻ ይመለሱ ይሆናል።

ታዲያ ምን እናድርግ ካላችሁ፣ መጀመሪያ በዓሉን ለመሸጥ ብቻ አትምጡ። ሽጡ፣ ሳምቡሳው ጥሩ ነው፣ ሰዉም ይወደዋል። ግን በዓሉ የሚሠራው በዚያ ቀን አይደለም። የሚሠራው በብርዱ ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ፣ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ሰዎች ኮታቸውን ሳያወልቁ በሚቀመጡበት ስብሰባ ላይ ነው። የመንገድ መዝጊያ ፐርሚት፣ ኢንሹራንስ፣ የመድረክና የድምፅ ኪራይ፣ የተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት፣ የጽዳት። እኔ ከብዙ ዓመት ጀምሮ የበዓሉ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነኝ፣ ወጪው ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። ስብሰባው ላይ አብዛኛው ሰው ከ70 በላይ ነው። ወረቀት የሚሞላ፣ ስልክ የሚደውል፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ አስፋልቱ ላይ በጠመኔ የድንኳን ቦታ የሚያሰምር ጉልበት ያለው ሰው ነው የጠፋው። በዕቁብና በዕድር ያደጋችሁ ልጆች ይህ አይከብዳችሁም።

ስትመጡም መጀመሪያ ስሙ። ሁለት ሦስት ስብሰባ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር የለውም። ስለ አድዋ ማውራት ያምራችኋል፣ እኔንም ያምረኛል፣ ጊዜው ሲደርስ ራሳቸው ይጠይቋችኋል።

ሙዚቃውን ደግሞ ቁሙና አድምጡት። ጎ-ጎ ይባላል፣ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፣ በ2020 የከተማዋ ይፋዊ ሙዚቃ ሆኗል። ከበሮው አያቆምም፣ ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ያሻግራል፤ ዘፋኙ መሃል ላይ የሰፈሮቹን ስም እየጠራ ሰዉን ያስጮኸዋል። አዝማሪ ቤት እንግዳው በስሙ ሲጠራ እንዴት እንደሚነሳ ታውቁ የለ? እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ቀን ከእኔ ቀድሞ እግሬ ነው የገባው።

ያቺ ልጅ በመጨረሻ ሄዳለች፤ ዘንድሮ ስብሰባው ላይም አብራኝ ትመጣለች። ሌላ ሰው ግን ያስፈልገናል፣ ያውም ቶሎ። አሮጊቷ አልበማቸውን ለኮሚቴው አውሰውናል፣ 64 ፎቶ ነው፣ እያንዳንዱ ስካን መደረግ አለበት። ከፎቶዎቹ ጀርባ የሰዎቹ ስም በእርሳስ ተጽፏል፣ አንዳንዱ ደብዝዟል፣ እሳቸው ግን አሁንም ሁሉንም ያስታውሳሉ። አጠገባቸው ተቀምጦ ስሞቹን የሚጽፍ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጊዜ ያለው ልጅ እፈልጋለሁ።