ከጣርማ በር ወዲያ የሚጠፋው ድምፅ

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበር አስተባባሪ ነኝ። በቢሯችን በ150 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ፣ 25 ዋት ኃይል ያለው የመገናኛ ሬዲዮ አለን፤ አንቴናው ጣሪያው ላይ ተተክሎ በ30 ሜትር ቀጭን ኬብል ከሬዲዮው ጋር ተገናኝቷል። ሾፌሮቻችን እየሳሳም ቢሆን እስከ ጣርማ በር ድረስ ይሰሙናል፤ ዋሻውን አልፈው ወደ ደብረ ሲና መውረድ ሲጀምሩ ግን ድምፁ ጨርሶ ይጠፋል፤ ሸዋ ሮቢትማ የሚታሰብ አይደለም። ዕቃውን የሸጠልን ነጋዴ «50 ዋት ሬዲዮ ግዙ» ይለናል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ለዚያ ገንዘብ አያውጡ። የሬዲዮው ኃይል እጥፍ ሲሆን ተቀባዩ ዘንድ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የሲግናል ብርታት መለኪያ) ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ልዩነት ሾፌሩ ልብ ሳይለውም ሊያልፍ ይችላል። መንገዱን የዘጋባችሁ ተራራው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ መንገዱ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣና ገደሉን ተከትሎ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። በዚህ ሞገድ የሚሠራ ሬዲዮ የተራራን አፋፍ በመጠኑ ታጥፎ ቢያልፍም፣ ከገደል ሥር የተሸሸገ ሸለቆ ውስጥ ዘልቆ አይገባም።

ለቆላው መፍትሔው አፋፉ ላይ፣ ሁለቱም ወገን በሚታይበት ቦታ፣ የተቀበለውን ድምፅ በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ የሚያሰራጭ ሪፒተር መትከል ነው። በእጅ ያለው ፈቃድ ሪፒተርን የማይጨምር ከሆነ፣ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ማስፈቀድ ግድ ነው። በአንቴና ምርጫ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። በዙሪያው ሁሉ የሚያሰራጭ አንቴና ጌይኑ፣ ማለትም ኃይሉን የማሰባሰብ አቅሙ፣ በጨመረ ቁጥር ጨረሩ እንደ እንጀራ ጠፍጣፋ እየሆነ ወደ አድማስ ይዘረጋል፤ ለሜዳ አገር ይህ መልካም ነው፤ ከአፋፍ ላይ ሲተከል ግን ከገደሉ ሥር ባለው መንገድ ላይ የሚሄደውን መኪና በላዩ አልፎት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ለእናንተ ጌይኑ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል የሆነውን እመርጣለሁ። ቢሮው በአንጻሩ የሚያየው አንዱን ሪፒተር ብቻ ስለሆነ፣ ወደዚያው ያነጣጠረ፣ ያጊ የሚባለው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያሰራጭ አንቴና ይበቃዋል፤ የመኪኖቹ አንቴና ቀጥ ብሎ የሚቆም በመሆኑ የሪፒተሩም ሆነ የያጊው ዘንጎች ወደ ላይ መቆም አለባቸው። ያጊው እንደ ቴሌቪዥን አንቴና ተጋድሞ ከታሰረ ከሲግናሉ የሚበዛው ይባክናል።

አሁን ወደ ኬብሉ ልምጣ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ እርሱ ነውና። ቀጭኑ ኬብል አርጂ 58 ከሆነ፣ በ30 ሜትር ርዝመት 6 ዴሲቤል ያህል ይበላል፤ ይህም ማለት ከ25 ዋት አንቴናው ዘንድ የሚደርሰው 6 ዋት ገደማ ነው ማለት ነው። በወፍራሙ አርጂ 213 ቢተካ ከ25 ዋቱ ግማሽ ያህሉ ይደርሳል፤ ሬዲዮውን ወደ አንቴናው አቅርቦ ኬብሉን ማሳጠር ደግሞ ከሁሉም የተሻለ ነው። የቴሌቪዥን ኬብል የተሠራው ለ75 ኦም ስለሆነ ከ50 ኦም ሬዲዮ ጋር በወጉ አይጣጣምም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንኮበር አካባቢ አፋፍ ላይ ተተክሎ ሥራ ያቆመ አንቴና ስፈታ፣ ኬብሉን ከአንቴናው ጋር የሚያያይዘውን ኮኔክተር ገና ሳላላው ውኃ ጣቴ ላይ ተንጠባጠበ፤ የኬብሉ የመዳብ ሽሩባ አረንጓዴ ሆኖ ስነካው እንደ አመድ ተፈረፈረ። የተጠቀለለበት ተራ ናስትሮ ነበር። በእኛ አገር ጉምና ውርጭ ኮኔክተሩ፣ ሲለጠጥ እርስ በርሱ በሚዋሐድ የጎማ ናስትሮ መሸፈን አለበት፤ ኬብሉም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረግቦ መልሶ ይውጣ፤ ያን ጊዜ የዝናቡ ውኃ ከእርግቡ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ገመዱን ተከትሎ አይገባም።

ምሰሶው ከመሬት ጋር በወፍራም መዳብ፣ በአጭር መንገድና ሳይጠማዘዝ ይገናኝ፤ የመብረቁ ነገር በእናንተ ደጋ የሚናቅ አይደለም። ምሰሶው ቢወድቅ የመብራት መስመር በማይነካበት ርቀት ላይ እንዲተከልም አደራ እላለሁ። ምሰሶ ሲያቆም የመብራት ሽቦ የነካ ሰው ሁለተኛ ዕድል አያገኝምና ይህን በሌላ ሰው ላይ አይተውት።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነው። በ150 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የመኪና አንቴና በ450 ሜጋኸርዝ ሬዲዮ ላይ ብገጥመው ይሠራልን?

መልስ፦ ሬዲዮውን ላይጎዳው ይችላል፤ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ዘንግ ለ450 ሜጋኸርዝ የሞገዱን ርዝመት ሦስት አራተኛ ያህል ስለሚሆን ይስማማዋል። ነገር ግን ኃይሉ ከአድማስ ይልቅ ወደ ሰማይ ስለሚያዘነብል ርቀት ያጣሉ። ለዚህ ሞገድ የተሠራውን፣ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን አንቴና ገዝተው በመኪናው ጣሪያ መካከል ይግጠሙት፤ የጣሪያው ብረት የአንቴናው ግማሽ አካል ሆኖ ያገለግላል።