ሰዓቱን ጠብቄ ኪሎዬ ያልቀነሰበት ምክንያት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። «16 ሰዓት ሳልበላ ቆይቼ በ8 ሰዓት ውስጥ ብቻ መመገብ ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ራሴን ያመኛል፣ ኪሎዬም አልቀነሰም፤ ምን አጥፍቼ ነው?» ብለሻል። እኔም በዚሁ አልፌያለሁ። አሁን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል።

ስጀምር ቀላል ነው ብዬ ነበር። ሁዳዴን 55 ቀን እስከ 9 ሰዓት እየጾምኩ ነው ያደግሁት፤ ቁርስ መተው አይከብደኝም። (ጾም ግን የነፍስ ነው፣ ይሄ የአበላል ሥርዓት ነው። ሁለቱን ባናቀላቅል እመርጣለሁ።) ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት እበላለሁ፣ ከዚያ በቃ። ሁለት ወር ሙሉ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ለአንድ ሳምንት አፌ የገባውን ሁሉ ጻፍኩ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቢሮ ቡና ሲፈላ ሁለት ሲኒ እጠጣለሁ፤ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር አለ። ቡና ነው ብዬ አልቆጠርኩትም ነበር። 6 ሰዓት ሲሞላ በባዶ ሆዴ ፓስታ በዳቦ፣ ከላዩ አቮካዶ ጁስ። ማታ ለ2 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ሰዓቱ ሊያልፍ ነው ብዬ ሳይርበኝ እንጀራ እጨምራለሁ።

ሰዓቱ ብቻውን አያከሳም። የሚጠቅመው አጠቃላይ የምትበዪው ሲቀንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ ቻይና ውስጥ የተደረገ ጥናት አለ፤ 139 ከልክ በላይ የወፈሩ ሰዎችን ለ12 ወር ተከታትለዋል። ካሎሪ ቀንሰው በ8 ሰዓት ውስጥ የበሉትና ሰዓት ሳይገድቡ ካሎሪ ብቻ የቀነሱት፣ በክብደት ያን ያህል ልዩነት አልታየባቸውም። እኔም ስኳሩንና ጁሱን ትቼ፣ ምሳዬን በእንቁላል ወይም በምስር ከጎመን ጋር ስጀምር ነው መቀነስ የጀመርኩት። በአምስት ወር 7 ኪሎ።

ስለ ራስ ምታቱ፦ ከቁርሱ ጋር ቡናውንም በአንዴ አቁመሽው ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሪ። ያለ ስኳርና ያለ ወተት ጠጪው። ውሃም ከጠዋት ጀምሮ ይግባልሽ፤ ከምግብ ጋር የምናገኘው ውሃ ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። አክስቴ የስኳር ኪኒን ትወስዳለች። እኔን አይታ፣ ለማንም ሳትናገር ቁርስ ተወች። አንድ ጠዋት ላብ አጥምቋት፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ አገኘኋት። የደም ስኳር መለኪያው 52 አለ፤ በጣም ወርዷል። ቶሎ ስኳር በውሃ በጥብጠን ሰጠናት፣ ተመለሰች። ሐኪሟ በኋላ እንደነገራት፣ እሷ የምትወስደው ዓይነት ኪኒን ሳይበሉ ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰውም እንደዚሁ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ይሄን ባይሞክሩት ይሻላል።

አንቺ መድኃኒት ትወስጂ እንደሆነ አልጻፍሽም። የምትወስጂ ከሆነ ነገ ቁርስሽን ብዪና መጀመሪያ ሐኪምሽን አናግሪ።