«እኛ የምናውቀው ስድስት ዓመትሽን ነው»

ጥያቄ፦ በመስከረም 1998 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የብስኩት ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ተቀጠርኩ። እስካሁን እዚያው ነኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ባለቤቱ ፋብሪካውን ሸጡት። በእሳቸው ጊዜ 10 ዓመት ላገለገለ የምስክር ወረቀትና የአንድ ወር ደመወዝ፣ 20 ዓመት ለሞላው ደግሞ የወርቅ ቀለበት ይሰጥ ነበር። የ10 ዓመቱን ተቀብያለሁ። ዘንድሮ 20 ሞላኝ። በጥር መጨረሻ ሽልማት ሲሰጥ ግን ስሜ አልተጠራም። ለሌሎች አጨብጭቤ ወጣሁ። ኤችአር ሄጄ ስጠይቅ «እኛ የምናውቀው ስድስት ዓመትሽን ነው፤ ሽልማት ደግሞ የማኔጅመንቱ በጎ ፈቃድ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራው አስጠልቶኛል። ልክሰስ ወይስ ለቅቄ ልውጣ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከቀለበቱ ይልቅ የከነከነዎት «ስድስት ዓመትሽን» የሚለው ቃል ይመስለኛል። እኔንም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 23ን ይመልከቱ። ድርጅት ቢሸጥ፣ ከሌላ ጋር ቢዋሃድ ወይም ቢከፈል የሥራ ውሉ አይቋረጥም ይላል። አዲሱ ባለቤት ማሽኑንና ግቢውን ሲረከብ የእርስዎንም ውል ከነዕድሜው ተረክቧል። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆኖ የተሸጠው የባለቤቱ ድርሻ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ነው። አሠሪዎ ያው ማኅበሩ ነው፤ የተቀየሩት ባለድርሻዎቹ ናቸው።

አንድ ነገር ግን በደንብ ያስታውሱ። በሽያጩ ሰሞን የሥራ ስንብት ክፍያ ተቀብለው፣ ከአዲሱ ባለቤት ጋር አዲስ ውል ፈርመዋል? ብዙ ሠራተኛ በዚያ ግርግር «ለፎርማሊቲ ነው» የተባለውን ወረቀት ይፈርማል። ከፈረሙ ክርክሩ ይከብዳል። ወረቀቱን ይዘው የሕግ ባለሙያ ዘንድ ይቅረቡ። ካልፈረሙና ክፍያ ካልወሰዱ 20 ዓመትዎ 20 ነው።

ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎት። ሕጉ ዓመት እየቆጠረ የሚሰጠው ነገር አለ። የዓመት ዕረፍት ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስም ችሎታና ውጤታማነት እኩል ከሆነ አገልግሎቱ አጭር የሆነው ነው ቀድሞ የሚወጣው።

ትልቁ ልዩነት የሚመጣው በሥራ ስንብት ክፍያ ላይ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰባል። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 10 ቀን ይጨመራል። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። የቀን ደመወዝዎ 300 ብር ነው እንበል። በ20 ዓመት 220 ቀን፣ ማለትም 66,000 ብር ይሆናል። በስድስት ዓመት ግን 80 ቀን፣ 24,000 ብር ብቻ ነው። ዛሬ «ስድስት ነው» ሲሏችሁ ዝም ካላችሁ፣ ነገ ሒሳቡ በስድስት ተሠርቶ ይመጣል። ለእርስዎና ከእርስዎ ጋር ለቆዩት ሁሉ ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ሽልማቱ እንምጣ። እውነቱን ልንገርዎ፤ አሠሪ ለረዥም ዘመን አገልግሎት ሽልማት እንዲሰጥ የሚያስገድድ አንቀጽ በአዋጁ ውስጥ የለም። «በጎ ፈቃድ ነው» ያሉት እዚህ ላይ መሠረት አለው። ነገር ግን በጎ ፈቃድ የሚሆነው የትም ካልተጻፈ ነው። ሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው በተፈራረሙት የኅብረት ስምምነት፣ በድርጅቱ የሥራ ደንብ ወይም በቅጥር ውልዎ ላይ «20 ዓመት ላገለገለ ይሰጣል» ተብሎ ከተጻፈ ግዴታ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ሠራተኛ ማኅበራችሁ ይሂዱ። የኅብረት ስምምነቱን ይጠይቁ፤ አሁንም የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ያን ገጽ ኮፒ ያድርጉ። ምንም ጽሑፍ ከሌለና ያለው «ድሮ ይሰጥ ነበር» ብቻ ከሆነ፣ ለቀለበት ብለው ፍርድ ቤት እንዲመላለሱ አልመክርዎትም። የአገልግሎት ዘመንዎን ማስመዝገቡ ይበልጥብዎታል።

ጽሑፉ ካለ ግን ጊዜ አያባክኑ። የደመወዝና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ ይርጋው፣ ማለትም መክሰስ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ ስድስት ወር ነው። ሽልማቱ በጥር መጨረሻ ከነበረ እስከ ሐምሌ መጨረሻ አለዎት። ለኤችአር ማመልከቻ አስገብቶ መልስ መጠበቅ ይርጋውን አያቆመውም። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። «እያየነው ነው» እየተባለ ስድስት ወሩ ያልፋል። ይርጋውን የሚያቋርጠው ክስ መመሥረት፣ አዋጁን ለሚያስፈጽመው አካል አቤቱታ ማቅረብ ወይም አሠሪው መብትዎን በጽሑፍ ማመኑ ነው። ክሱ የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። አዋጁም ውሳኔው በ60 ቀን እንዲሰጥ ይላል።

«ብጠይቅ ያባርሩኛል» ብለው ይፈሩ ይሆናል። ቅሬታ ማቅረብም ሆነ አሠሪን መክሰስ ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ሕጉ በግልጽ ይናገራል።

ለቅቄ ልውጣ ወይ ላሉት፣ አሁን አይልቀቁ። የመልቀቅ መብት አለዎት፤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ብቻ ነው። አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የውል ግዴታ ከሌለበት በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የስንብት ክፍያ ያገኛል። ግን የዓመቱ ቁጥር ሳይስተካከል ከወጡ ያን 66,000 ብር ለማግኘት ውጭ ሆነው ሊከራከሩ ነው። ቅር እንዳለዎት ይገባኛል፤ ስም ሳይጠራ ሲቀር ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ማጨብጨብ ከባድ ነው። ቢሆንም የመልቀቂያ ደብዳቤ በንዴት ሰሞን አይጻፍም።

ይልቅ ሌላ ደብዳቤ ይጻፉ። በአንቀጽ 12 መሠረት ሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት። እስኪለቁ መጠበቅ አያስፈልግም። «ከመስከረም 1998 ዓ.ም. ጀምሮ የሰጠሁት አገልግሎት ተገልጾ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠኝ» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም ያስመቱ። 20 ብለው ከጻፉ ጉዳዩ አለቀ። ስድስት ብለው ከጻፉ ለክስ የሚሆን ማስረጃ በራሳቸው እጅ ሰጡዎት።

የጡረታ መዝገብዎን አውጥተው «ይኸው ከ2003 በፊት የለሽም» ቢሏችሁ አይደናገጡ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታትዎ እዚያ መዝገብ ላይ አለመኖራቸው አላገለገሉም ማለት አይደለም።

የቅጥር ደብዳቤዎ ጠፍቶብዎት ከሆነም ተስፋ አይቁረጡ። የድሮው ባለቤት ፈርመውና ማኅተም አድርገው የሰጡዎት የ10 ዓመቱ የምስክር ወረቀት አለ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሆነ ያውርዱት፤ ኮፒ አድርገው ከማመልከቻው ጋር ያያይዙት።